ቅዳሜ ማታ የሚደፋው ገንዳ፦ አንድ ፋብሪካ የአካባቢ አስተዳደር ሰርቲፊኬት ለማግኘት ያለፈበት መንገድ

መነሻ

አንድ ኦዲተር አንድን የጥገና ሠራተኛ ጥያቄ ጠየቃቸው። «ማጣሪያው ሲሞላ ውሃው ወዴት ይሄዳል?» አላቸው። እሳቸውም ሳይደብቁ መለሱለት። በዚያ መልስ የአንድ ዓመት ሥራችን ባለበት ቆመ።

ጥያቄው ቀላል ነበር። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም። ፋብሪካው የአካባቢ አስተዳደር ሥርዓት እንዲዘረጋ በአማካሪነት የረዳሁት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው የሌላ ሰው ጥፋት አይደለም፤ የእኔም ድርሻ አለበት። ጉዳዩን በዝርዝር ያሰፈርኩት ሰርቲፊኬት ለማግኘት እየተዘጋጁ ያሉ ድርጅቶች እኛ ያለፍነውን ነገር ቀድመው እንዲያዩት ብዬ ነው። የፋብሪካውንም ሆነ የሰዎቹን ማንነት አልገልጽም።

ፋብሪካው

ፋብሪካው ብረት ይለብጣል። የበር እጀታ፣ ማጠፊያ፣ የወንበር እግርና የመሳሰሉት ሌላ ቦታ ተሠርተው ይመጣሉ። እዚህ ኒኬልና ክሮም ይለበጣሉ። መቶ ሃምሳ ገደማ ሠራተኞች በሁለት ፈረቃ ይሠራሉ።

ብረቱ መጀመሪያ ቅባት በሚያስለቅቅ አልካሊ ገንዳ ውስጥ ይነከራል። ከዚያ ዝገት በሚያነሳ አሲድ ውስጥ ያልፋል። ቀጥሎ በኤሌክትሪክ ኒኬል፣ በላዩ ላይ ደግሞ ክሮም ይለበጣል። ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው ሲሻገር በውሃ ይለቀለቃል። ብረቱ ከገንዳው ሲወጣ ኬሚካል ተጣብቆበት ይወጣል። ያ ኬሚካል ማለቅለቂያው ውሃ ውስጥ ይቀራል። የልባጥ ቤት የዕለት ተዕለት ፍሳሽ በአብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው።

በፍሳሹ ውስጥ ካሉት ነገሮች አስጊው ሄክሳቫለንት ክሮሚየም ነው። ካንሰር አምጪ ነው። ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ከውሃው ጋርም ሩቅ ይጓዛል። እሱን ለማከም የታወቀ መንገድ አለ። ውሃው ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) ከ2 እስከ 3 እስኪደርስ አሲድ ይደረግበትና ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ይጨመርበታል። ያኔ ክሮሚየሙ አደጋው በጣም ወደቀነሰው ወደ ትራይቫለንት ክሮሚየም ይለወጣል። ከዚያ ፒኤቹ ወደ 8 ወይም 9 ከፍ ይደረጋል። ክሮሚየሙ ዝቃጭ ሆኖ ከታች ይቀመጣል። ዝቃጩ ተጨምቆ እንደ አደገኛ ቆሻሻ ለብቻው ይወገዳል።

ፋብሪካው ይህ ማጣሪያ ነበረው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በደንብ ይሠራ ነበር። የላብራቶሪ ውጤቱም በሕግ ከተቀመጠው ወሰን በታች ነበር። ይህን መናገር ያስፈለገኝ አንባቢ ቸልተኛ ድርጅት አድርጎ እንዳይስለው ነው። ባለቤቶቹ ለማጣሪያው ገንዘብ አውጥተዋል። ኬሚስት ቀጥረዋል። ከልባቸው ንጹሕ ነን ብለው ያምኑ ነበር።

ሰርቲፊኬቱ ለምን ተፈለገ

ግፊቱ የመጣው ከደንበኛ ነው። ከፋብሪካው ምርት ትልቁን ድርሻ የሚወስድ አንድ ገዢ አቅራቢዎቹ ሁሉ አይኤስኦ 14001 የተባለው ዓለም አቀፍ የአካባቢ አስተዳደር መስፈርት ሰርቲፊኬት እንዲኖራቸው ጠየቀ። የአሥራ ስምንት ወር ጊዜ ሰጠ።

ስለ መስፈርቱ ሁለት ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት። አይኤስኦ 14001 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በ2004 እና በ2015 ተሻሽሏል። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ስንት ሚሊግራም ክሮሚየም ይፈቀዳል የሚል ነገር በውስጡ የለም። ያን የሚወስነው የየአገሩ ሕግና የየድርጅቱ ፈቃድ ነው። መስፈርቱ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ሥራችሁ አካባቢን የሚነካው በየት በየት በኩል ነው? ከነዚህ ውስጥ ከባዱ የትኛው ነው? የሕግ ግዴታችሁን ታውቃላችሁ? መፈጸማችሁንስ በምን ታረጋግጣላችሁ? ስህተት ሲገኝ ምን ታደርጋላችሁ? የሚጠይቀው እንዲህ እንዲህ ያለውን ነው።

ሁለተኛው፣ መስፈርቱን ያወጣው ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ አይኤስኦ፣ ራሱ ለማንም ሰርቲፊኬት አይሰጥም። መስፈርቱን ያወጣል እንጂ ኦዲት አያደርግም። ኦዲት የሚያደርጉት ሰርቲፊኬት ሰጪ ድርጅቶች ናቸው። እነሱንም የሚቆጣጠር፣ ብቃታቸውን አይቶ በየመስኩ ዕውቅና የሚሰጥ የአክሬዲቴሽን አካል አለ። ሰርቲፊኬት ሰጪዎቹ የሚመሩበት የራሳቸው መስፈርት አይኤስኦ/አይኢሲ 17021-1 ይባላል።

ይህ ሁለተኛው ነገር ገና ከጅምሩ ጠቀመን። ሦስት ድርጅቶች ዋጋ አቀረቡ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ርካሽ ነበር። ሰነዱንም እኛው እናዘጋጅላችኋለን፣ ኦዲቱንም እኛው እንሠራለን፣ በስድስት ሳምንት ሰርቲፊኬቱን ታገኛላችሁ አለ። የፋይናንስ ኃላፊው በዚህ ተማረከ። ነገር ግን 17021-1 ሰርቲፊኬት የሚሰጥ ድርጅት ለዚያው ደንበኛ የሥርዓቱ አማካሪ እንዳይሆን ይከለክላል። የራሱን ሥራ ራሱ መርምሮ አለፈ የሚል ዳኛ የለም። አክሬዲቴሽኑን ስናጣራ ደግሞ ለዚህ መስክ አልነበረውም። ተውነው። ዘንድሮም ያን ውሳኔ ሳስበው ደስ ይለኛል። ያ ድርጅት ቢመጣ ኖሮ ማንም የጥገና ሠራተኛን አያናግርም ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት

ሥራውን በሦስት ሰው ጀመርን። አንዲት ወጣት የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ፣ የጥራት ክፍል ኃላፊውና እኔ። የአካባቢ ፖሊሲው ተጻፈ። ሥራ አስኪያጁ ፈረሙበት። የሕግ ግዴታዎች ዝርዝር ተዘጋጀ። የሥራ መመሪያዎች ወጡ። ሥልጠና ተሰጠ።

የሥርዓቱ እምብርት ግን የአካባቢ ገጽታዎች መዝገብ የሚባለው ነው። ከፋብሪካው ሥራ፣ ምርትና አገልግሎት ውስጥ ከአካባቢ ጋር የሚገናኝ ነገር ሁሉ እዚያ ይመዘገባል። የውሃ አጠቃቀም፣ የፍሳሽ፣ የጭስ፣ የዝቃጭ፣ የኃይል ጉዳይ ሁሉ እዚያ ይገባል። ሌላው ሁሉ በዚህ መዝገብ ላይ ይቆማል። መዝገቡ ላይ የሌለ ነገር መመሪያ አይወጣለትም፤ አይለካም፤ ኦዲትም አይደረግም።

መስፈርቱ በአንቀጽ 6.1.2 ላይ ግልጽ ነው። ገጽታዎቹ ሲለዩ ያልተለመዱ ሁኔታዎችና ሊጠበቁ የሚችሉ ድንገተኛ አደጋዎችም መታየት አለባቸው። የእኛም ቅጽ ለዚህ ሦስት ዓምዶች ነበሩት፤ መደበኛ፣ ያልተለመደ፣ ድንገተኛ። የመጀመሪያውን ዓምድ በጥንቃቄ ሞላን። ሦስተኛው ላይ እሳትና የኬሚካል መፍሰስ ጻፍን። መሃለኛው ላይ የደረስነው ሲመሽ ነው። ሁሉም ሰው ደክሞት ነበር። «የኃይል መቋረጥ» ብለን ጻፍንና አለፍን።

ስብሰባው ውስጥ የነበሩት የክፍል ኃላፊዎች ናቸው። የጥገና ክፍሉን ወክሎ የመጣው የቢሮ ሰው ነበር። ቅዳሜ ማታ ገንዳ የሚያጥቡት ሰዎች አልተጠሩም። ማንም ሆን ብሎ አላገለላቸውም። በዚያ ሰዓት ቤታቸው ነበሩ፤ የሥራ ሰዓታቸው ሌላ ነው። መዝገቡ ጎደሎ የሆነው እዚያ ላይ ነው።

የውስጥ ኦዲቱም ያንኑ ጥላ ተከተለ። ሁሉም ጉብኝት በሥራ ቀን፣ በቀን ፈረቃ ተደረገ። አንዳንድ ጥቃቅን ነገር አገኘን፤ አስተካከልን። ዝግጁ ነን አልን።

ኦዲቱ

የመጀመሪያ ሰርቲፊኬት ኦዲት በሁለት ዙር ይካሄዳል። በመጀመሪያው ዙር ኦዲተሩ ሰነዱንና ዝግጁነቱን ያያል። በሁለተኛው ዙር ሥርዓቱ በተግባር መሥራቱን ያረጋግጣል። በመሃል ያለው ጊዜ የተጠቆመውን ለማስተካከል ነው።

በመጀመሪያው ዙር ኦዲተሩ ስድስት ሥጋቶች ጻፈ። አራተኛው እንዲህ ይል ነበር፦ የውስጥ ኦዲቱ ከመደበኛ የሥራ ሰዓት ውጭ የሚካሄዱ ሥራዎችን እንደሸፈነ የሚያሳይ ማስረጃ አልታየም። እኛ ለቀጣዩ ዓመት የኦዲት ፕሮግራም ላይ አንድ መስመር ጨመርንና ተስተካክሏል አልን። በሩን አንኳኩቶልን ነበር፤ ሄደን አልከፈትንም።

ሁለተኛው ዙር ሦስት ቀን ፈጀ። ሁለቱ ቀናት በሰላም አለፉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኦዲተሩ የጥገና ሠራተኞችን ማናገር እንደሚፈልግ ተናገረ። አንድ በዕድሜ የገፉ ሠራተኛ መጡ። ፋብሪካው ውስጥ ሁሉም ሰው «ጋሼ» ይላቸዋል። ከማጣሪያው ፓምፕ አጠገብ ቆመው አወሩ።

«ገንዳዎቹን መቼ ነው የምታጥቡት?»

«ቅዳሜ ማታ። ሥራ ከቆመ በኋላ።»

«ያረጀውን አሲድ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«በፓምፕ ወደ ማጣሪያው እንልከዋለን።»

«ማጣሪያው ሲሞላ ውሃው ወዴት ይሄዳል?»

ጋሼ ወደ ወለሉ በጣታቸው አመለከቱ። ከፓምፑ ጀርባ አንድ ትንሽ የብረት ክዳን ነበረ። «በዚች እናወርደዋለን። የድሮው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል» አሉ።

ኦዲተሩ የፍሳሽ መስመሮቹን ንድፍ ጠየቀ። ንድፉ ላይ ክዳኑ ከአንድ የመሬት ውስጥ ጉድጓድ ጋር ተያይዟል። ጉድጓዱን አሳዩኝ አለ። ሄድን። ጉድጓዱ ባለበት ቦታ ላይ ዕቃ ማከማቻ ተሠርቷል። ወለሉ ኮንክሪት ነው። ማንም ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገረም።

ማታ በመዝጊያው ስብሰባ ላይ አንድ ዋና ግድፈትና ሁለት አነስተኛ ግድፈቶች ተነበቡ። አነስተኞቹ የኬሚካል መጋዘኑ መፍሰስ መያዣ ግንብ ከራሳችን መመሪያ በታች መሆኑና የአንድ ፒኤች መለኪያ የካሊብሬሽን (በትክክል መለካቱን የማረጋገጥ) መዝገብ አለመሟላቱ ነበሩ። ዋናው ግን ያ ክዳን ነው። ከፍተኛ የአካባቢ ገጽታ አልተለየም፤ ቁጥጥርም የለውም ተባለ።

ሥራ አስኪያጁ «እሺ፣ እንዴት እናስተካክለው?» ብለው ኦዲተሩን ጠየቁት። «ያን ልነግርዎ አልችልም። ብነግርዎ አማካሪ ሆንኩ ማለት ነው። እናንተ መርምሩ፤ እኔ ያደረጋችሁትን አያለሁ» አላቸው። ቅር አላቸው። ትክክል ግን እሱ ነበር።

ውድቅ የሆነው ዕቅድ

በዚያው ሳምንት የእርምት ዕቅድ ተጻፈ። ችግሩ የሠራተኛ ስህተት ነው ይላል። ሠራተኛው ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ የጥገና ክፍሉ እንደገና ይሠለጥናል፤ ክዳኑ ላይ «መክፈት ክልክል ነው» የሚል ምልክት ይለጠፋል።

የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዋ አልፈርምም አለች። በስብሰባው ላይ የተናገረችውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ጋሼን እውነቱን ስለተናገሩ ከቀጣናቸው ከነገ ጀምሮ እውነት የሚነግረን ሰው አይኖርም» አለች። የማስጠንቀቂያው ነገር ቀረ። የቀረው ዕቅድ ለኦዲተሩ ተላከ፤ ውድቅ ሆኖም ተመለሰ። ማን ክዳኑን እንደከፈተ ይናገራል እንጂ ለምን መክፈት እንዳስፈለገ አይናገርም ነበር ምክንያቱ።

ከዚያ በኋላ ነው በትክክል ሥራ የጀመርነው። ጋሼንና ሁለት ባልደረቦቻቸውን አስቀመጥንና ለምን እያልን ጠየቅን።

ክዳኑ ለምን ይከፈታል? ማጣሪያው ስለሚሞላ። ለምን ይሞላል? የተሠራው በቀስታ ለሚመጣ የማለቅለቂያ ውሃ ነው፤ ቅዳሜ ማታ ግን ሁለት ሙሉ ገንዳ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይደፋበታል። ለምን ሁለቱ በአንድ ላይ? ሰኞ ጠዋት ሥራ ስለሚጀመር፣ ሌላ ጊዜ ስለሌለ። ድሮስ እንዴት ይበቃ ነበር? ድሮ ገንዳዎቹ ትንንሽ ነበሩ። ምርት ሲያድግ በትልልቅ ተተኩ። ማጣሪያው ባለበት ቀረ። ገንዳዎቹ ሲተኩ ማጣሪያው ይችለዋል ወይ ብሎ የጠየቀ ነበር? አልነበረም። እንዲጠየቅ የሚያስገድድ አሠራርም አልነበረም።

ሥረ መንስኤው እሱ ነው። ፋብሪካው ለውጥ ሲያደርግ ለውጡ አካባቢን እንዴት እንደሚነካ የሚያይ ሰውም፣ ወረቀትም፣ ሰዓትም የለውም።

ቀለሙ ያሳየን ነገር

ክዳኑ ወዴት እንደሚወስድ ግን ገና አናውቅም ነበር። ንድፉ ጉድጓድ ይላል፤ ጉድጓዱ የለም። ለማወቅ አስተማማኙ መንገድ ቀለም መጨመር ነው። ፍሎረሰሲን የሚባል ደማቅ አረንጓዴ ቀለም አለ። ትንሽ ብቻ ብዙ ውሃ ያቀልማል። የቧንቧ መስመር ለመከታተል ለረጅም ጊዜ ሲያገለግል የኖረ ነው።

ሥራ በሌለበት ቀን ጠዋት በንጹሕ ውሃ አሟሟነውና በክዳኑ አወረድነው። አንድ ሰው ማጣሪያው ጋ ቆመ። አንድ ሰው በግቢው የፍሳሽ ጉድጓድ ጋ ቆመ። እኔና ባለሙያዋ ከአጥሩ ውጭ ባለው የዝናብ ውሃ መውረጃ ቦይ ዳር ቆምን። ጋሼ ከእኛ ጋር መጡ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቦዩ ውስጥ ያለው ውሃ አረንጓዴ ሆነ።

ጋሼ ብዙ ደቂቃ ዝም ብለው ቦዩን አዩ። ለዓመታት ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ነበር የመሰላቸው። እንዲያ ብለው ያስተማሯቸው ከእሳቸው በፊት የነበሩት ናቸው። በኋላ እንደደረስንበት ዕቃ ማከማቻው ሲሠራ ተቋራጩ ቧንቧውን ቆርጦ በቅርብ ካገኘው የዝናብ ውሃ መስመር ጋር አገናኝቶታል። ንድፉን ያስተካከለ ሰው አልነበረም። ስህተቱን ጋሼ አልሠሩትም። የደበቀውም የለም። ማንም ስላልጠየቀ ብቻ ለዓመታት ኖረ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር ከባዱ ነበር። ለሚመለከተው የመንግሥት አካል እናሳውቅ ወይስ ዝም ብለን እንዝጋው? የሕግ አማካሪው ፈራ። ሥራ አስኪያጁ አንድ ሌሊት አሰቡበት። ጠዋት ላይ እናሳውቅ አሉ። የፍሳሽ ፈቃዱ ያስገድደን ነበር፤ በተጨማሪም ፖሊሲው ላይ «ግዴታችንን እንፈጽማለን» ብለው በገዛ እጃቸው ፈርመዋል። ፋብሪካው ተቀጣ። ከቦዩ ውስጥ ደለል ተወስዶ ተመረመረ። ክሮሚየምና ኒኬል ተገኘበት። ደለሉ በፋብሪካው ወጪ ተጠርጎ እንደ አደገኛ ቆሻሻ ተወገደ። ከወራት በኋላ የተወሰደው ናሙና ንጹሕ ሆነ።

የተደረገውና የሠራው

ክዳኑ በኮንክሪት ተደፈነ። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሌላው ጊዜ ወሰደ።

የማቆያ ታንከር ተተከለ። በአንድ ጊዜ የሚደፋውን ትልቁን ገንዳ ሙሉ በሙሉ ይይዛል። ያረጀው አሲድና አልካሊ ለየብቻው እዚያ ይገባል። ከዚያ በሳምንቱ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ከማለቅለቂያው ውሃ ጋር ወደ ማጣሪያው ይለቀቃል። ማጣሪያው እንዲህ ሲቀርብለት ይችለዋል። ችግሩ የነበረው የመጠኑ ሳይሆን የፍጥነቱ ነበር። ታንከሩ ሊሞላ ሲል የሚጮህ ደወል አለው። ደወሉ ሲጮህ ፓምፑ በራሱ ይቆማል።

የገንዳዎቹ እጥበትም ተከፋፈለ። በአንድ ቅዳሜ አንድ ገንዳ ብቻ ይደፋል። ይህን ሐሳብ ያመጡት ጋሼ ናቸው። ምንም ወጪ አልጠየቀም። ከሁሉ በላይ የረዳውም እሱ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ገንዳዎቹን ቶሎ ቶሎ መድፋት ለምን እንዳስፈለገ ተጠየቀ። የአልካሊው ገንዳ የሚያረጀው ዘይት ስለሚንሳፈፍበት ነበር። ዘይቱን ከላይ የሚገፍ መሣሪያ ገባለት። ዕድሜው ረዘመ። ማለቅለቂያው ላይ ደግሞ አንድ ገንዳ ሁለት ሆነ፤ ንጹሕ ውሃ በመጨረሻው ገብቶ ብረቱ ከሚሄድበት በተቃራኒ ወደ መጀመሪያው ይፈስሳል። በዚህ መንገድ ያው ውሃ ሁለት ጊዜ ይሠራል። ብረቱም ከልባጥ ገንዳው ሲወጣ ከገንዳው በላይ ለጥቂት ሰከንዶች እንዲንጠባጠብ ተደረገ። የክሬኑ ሠራተኞች መጀመሪያ ሥራ ያዘገያል ብለው አጉረመረሙ። ከገንዳው የሚወጣው ኬሚካል ሲቀንስ የኬሚካል ግዢም ቀነሰ። ያኔ ቅሬታው ቀረ።

አንድ ገጽ የለውጥ ቅጽም ወጣ። አዲስ ገንዳ፣ አዲስ ኬሚካል፣ አዲስ ግንባታ ሲታሰብ ባለሙያዋ ሳትፈርም ግዢ አይፈጸምም። ቅጹ አምስት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። የመጨረሻው «ይህ ነገር ሲሞላ፣ ሲሰበር ወይም ሲታጠብ የሚወጣው ወዴት ይሄዳል?» ይላል።

የአካባቢ ገጽታዎቹ መዝገብ ደግሞ እንደ አዲስ ተጻፈ። በዚህኛው ጊዜ የተጻፈው ቅዳሜ ማታ፣ ገንዳዎቹ አጠገብ፣ ከሚያጥቡት ሰዎች ጋር ቆመን ነው። በመሃለኛው ዓምድ ላይ ቀድሞ አንድ ነገር ነበር። አሁን አሥራ ሰባት ሆነ።

በ17021-1 መሠረት ዋና ግድፈት ከሁለተኛው ዙር የመጨረሻ ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ መስተካከሉ ካልተረጋገጠ ሁለተኛው ዙር እንደገና ይደረጋል። ኦዲተሩ በአምስተኛው ወር ተመልሶ መጣ። ቀኑን ቅዳሜ፣ ሰዓቱን ማታ አድርጎ መረጠ። ሦስት ሰዓት ቆመ፤ አየ፤ ጠየቀ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሰርቲፊኬቱ መጣ። ደንበኛው የሰጠው ጊዜ በትንሹ አልፎ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ለደንበኛው ሁሉን ነገር ጽፈውለት ስለነበር ጠበቀ።

ያልሠራው

ፖስተሮቹ አልሠሩም። በየግድግዳው «አካባቢያችንን እንጠብቅ» የሚል ወረቀት ለጠፍን። ኦዲተሩ አንዱን ሠራተኛ ስለ ፖሊሲው ሲጠይቀው ግድግዳውን ዞር ብሎ ለማንበብ ሞከረ። ግንዛቤ የመጣው ሠራተኛው በራሱ ገንዳ ላይ ስህተት ቢሠራ ምን እንደሚፈጠር ሲያውቅ ነው። አረንጓዴውን ቦይ የሚያሳየው ፎቶ ከፖስተሮቹ ሁሉ የበለጠ አስተማረ።

የውሃ ግቡም አልሠራም። በዓመት የሚጠቀመውን ውሃ በ10 በመቶ መቀነስ የሚል ግብ ተይዞ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቆጣሪው ቀነሰ፤ ተደሰትን። ኋላ ስናየው ትእዛዝ ቀንሶ ነበር። ትእዛዝ ሲመለስ ውሃውም ተመለሰ። አሁን የሚለካው ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የተለበጠ ብረት የዋለው ውሃ ነው። ከመጀመሪያውም እንዲህ መሆን ነበረበት።

የዝቃጩ ጉዳይ ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ ነው። የሚወስደው ድርጅት ፈቃድ እንዳለው አይተናል። ዝቃጩ መጨረሻው የት እንደሆነ ግን ለረጅም ጊዜ በዓይናችን አላየንም። መስፈርቱ የምርቱን ሙሉ የሕይወት ዑደት እያሰባችሁ ሥሩ ይላል፤ እኛ ከበሩ ሲወጣ ጉዳዩ ያለቀ መስሎን ነበር። ማስወገጃ ቦታውን ለማየት የተጓዝነው ሰርቲፊኬቱ ከመጣ በኋላ ነው።

ለሌሎች የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ ለማንኛውም ድርጅት ይጠቅማል ብዬ የምይዘው ዋናው ነገር የመዝገቡ አሠራር ነው። መዝገቡን በስብሰባ ክፍል አትጻፉት። ሥራው በሚሠራበት ቦታና ሰዓት ጻፉት። የሌሊት ፈረቃ ካለ በሌሊት፤ በዓመት አንዴ የሚታጠብ ማሽን ካለ በሚታጠብበት ቀን። ልባጥ ቤት ባይሆንም ያው ነው። ሆቴልም ቢሆን፣ ማተሚያ ቤትም ቢሆን፣ ሆስፒታልም ቢሆን ትልቁ ብክለት የተለመደው ሥራ ሲቋረጥ ሊመጣ ይችላል።

ንድፍ አትመኑ። ቧንቧ ከመሬት በታች ነው፤ ሕንፃ ሲታደስ ይቆረጣል፤ ይቀጠላል። ቀለም ርካሽ ነው፤ ግማሽ ቀን ብቻ ይፈልጋል።

የእርምት ዕቅዳችሁ «ሠራተኛው ይሠለጥናል» ብሎ የሚያበቃ ከሆነ ምርመራው አላለቀም። አንዳንዴ ሥልጠና ያስፈልጋል። ነገር ግን የሠለጠነ ሰው ማጣሪያው ሲሞላበት ምን ያድርግ? ለዚህ መልስ ከሌለ ሥልጠናው ከንቱ ነው።

ኦዲተር በመጀመሪያው ዙር የጻፈውን ትንሽ ሥጋት በመስመር መልስ አትዝጉት። ልምድ ያለው ኦዲተር ሽታው ሲሸተው ነው የሚጽፈው። ርካሽና ፈጣን ሰርቲፊኬት ሲቀርብላችሁም አክሬዲቴሽኑን አጣሩ፤ መስኩን ጭምር።

እውነት የተናገረ ሠራተኛን ጠብቁ። ይህን ከሥርዓቱ ውጭ ያለ የደግነት ጉዳይ አድርጌ አይደለም የማነሳው። መረጃ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ መረጃው ከቆመ ኦዲትም፣ ግምገማም፣ ማሻሻያም ይቆማል።

ከሰርቲፊኬቱ በኋላ

ሰርቲፊኬቱ ለሦስት ዓመት ነው፤ በመሃል ቢያንስ በየዓመቱ የክትትል ኦዲት አለ። በፌብሩዋሪ 2024 መስፈርቱ ላይ አጭር ማሻሻያ ወጣ። ድርጅቶች የአየር ንብረት ለውጥ ለእነሱ አግባብነት ያለው ጉዳይ መሆን አለመሆኑን እንዲወስኑ ይጠይቃል። ብዙ ቦታ «አዎ፣ አግባብነት አለው» ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ባለሙያዋ ግን ከባድ ዝናብ ሲጥል የማጣሪያው መሰብሰቢያ ጉድጓድ ምን ይሆናል ብላ ጠየቀች። ጋሼን ይዛ በአንድ ዝናባማ ማታ ሄደች። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ በግድግዳው ሥር አልፎ ወደ ጉድጓዱ ይገባ ነበር። ሌላ የሚሞላበት መንገድ ተገኘ።

የጣሪያው አሸንዳ አቅጣጫው ተቀየረ፤ በጉድጓዱ ዙሪያም ዝቅ ያለ ግንብ ተሠራ። በቅርቡ ክትትል ኦዲተሩ ግንቡን አየና አንድ አነስተኛ ግድፈት ጻፈ፦ የታንከሩ ደወል የሙከራ መዝገብ ሁለት ወር ዘግይቷል። ጋሼ በዚያው ሳምንት ጡረታ ሊወጡ ነበር። ደወሉን እንዴት እንደሚሞክሩት የሚተኳቸውን ልጅ አስተማሩት፤ መዝገቡንም በእጁ እንዲፈርም አደረጉት።